የወጋም የማይረሳበት ጊዜ፦ የጦር ሜዳ የኅሊና ቁስልና የነፍስ አባቶች ድርሻ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል የሀገራችን ሰው። ሽማግሌዎች ይህን ብሂል የሚያነሡት ብዙ ጊዜ በዳዩ በደሉን አቃልሎ ሲናገር ነው፤ አንተ ብትረሳው እርሱ ጠባሳውን በየቀኑ ያየዋል ለማለት። ብሂሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጦርነት በዚህ ብሂል ውስጥ ቦታ ያላገኘ አንድ ሰው ይዞ ይመጣል። ይህ ሰው ወግቷል፤ መርሳት ግን አልቻለም። ቤተሰቡ በሕይወት መመለሱን አይቶ አመስግኗል፤ ጎረቤቱም «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብሎታል። እርሱ ግን ከዚያ ቦታ ገና አልተመለሰም።

በሀገራችን ስለ ተዋጊዎች መመለስ ባለፉት ዓመታት ብዙ ተብሏል። ስለ ትጥቅ፣ ስለ ማዕከላት፣ ስለ መቋቋሚያ ገንዘብና ስለ ሥልጠና ተነግሯል። ስለዚህ ሰው የተነገረው ግን ጥቂት ነው። በአንጻሩ እንደ አሜሪካ ባሉ ሀገራት ጉዳዩ ስም ተሰጥቶት፣ ሐኪሞችና የሠራዊት ካህናት በጋራ ሲመክሩበት ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኗል። ስሙም «ሞራል ኢንጁሪ» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር የኅሊና ቁስል ብንለው ያስኬዳል።

የኅሊና ቁስል ከፍርሃት ቁስል ይለያል። የፍርሃት ቁስል ያለበት ሰው የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ይደነግጣል፤ ሌሊት ይባንናል፤ አደጋው ዛሬም ያለ ይመስለዋል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ዓይነቱን ጭንቀት እ.ኤ.አ. በ1980 ከሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የኅሊና ቁስል ያለበት ሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ይገድሉኛል» ብሎ አይሰጋም። «እኔ ምን ዓይነት ሰው ሆንሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። እርግጥ ነው፣ ሁለቱ ቁስሎች በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ለፈራ ሰው «አደጋው አልፏል» ማለት ይረዳው ይሆናል። ራሱን ለሚከስስ ሰው ግን አደጋው ማለፉ ምንም አይፈይድለትም፤ የሚያስጨንቀው ያለፈው ነገር ራሱ ነውና።

ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው በቦስተን ከተማ የቬትናም ጦርነት ተመላሾችን ያክም የነበረው የአእምሮ ሐኪም ጆናታን ሼይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው «አኪሊስ በቬትናም» በተሰኘ መጽሐፉ፣ የወታደሩ ሰብእና የሚፈርሰው በጠላት ጥይት ብቻ አለመሆኑን አሳየ። በሼይ አገላለጽ ቁስሉ የሚመጣው ሥልጣን ያለው አካል፣ ሕይወትና ሞት በሚወሰንበት ሰዓት፣ ትክክል የሆነውን ነገር ሲክድ ነው። ከ15 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብሬት ሊትዝና ባልደረቦቹ ትርጉሙን አሰፉት። እነርሱ እንደሚሉት ሰው የሚቆስለው ራሱ ባደረገው፣ ማስቆም ሲገባው ባላስቆመው፣ በዓይኑ ባየው ወይም በኋላ በሰማው ከእምነቱ ጋር በሚቃረን ድርጊት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ሲታዩ ሼይ ጣቱን ወደ አዛዡ፣ ሊትዝ ደግሞ ወደ ወታደሩ ኅሊና የቀሰሩ ይመስላል። በእኔ ግምት ሁለቱንም አለመልቀቁ ይበጃል። አዛዡ ብቻ ከተጠየቀ ወታደሩ የሚያውቀውን እውነት ይነፈጋል፤ ወታደሩ ብቻ ከተጠየቀ ደግሞ ያዘመተው ሁሉ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል።

ቁስሉ በእኛ ገጠር ምን መልክ ሊይዝ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ደጀ ሰላሙን የሚሸሽ፣ ቅዳሴ ሲገባ ከቅጥሩ ውጭ የሚቆም፣ የክርስትና አባት ሁን ሲባል ሰበብ የሚፈልግ፣ የበዓል በግ ለማረድ ቢላዋ መያዝ የሚከብደው፣ ሕፃን ሲሰጡት እጁን ወደ ኋላ የሚሰበስብ ሰው ሊሆን ይችላል። ጎረቤት «ጦርነቱ አኩርቶት ነው» ሊል ይችላል፤ «ጠጪ ሆኖ ቀረ» የሚልም አይጠፋም። ሰውየው ግን ራሱ በራሱ ላይ ፍርድ ሰጥቶ፣ ቅጣቱንም ራሱ እያስፈጸመ ነው።

ታዲያ ካህን ለምን? የአሜሪካ ጦር ካህናት፣ በእነርሱ አጠራር ቻፕሊኖች፣ ታሪካቸው ሀገሪቱ ነጻነቷን ካወጀችበት ቀን ይቀድማል፤ የአህጉሩ ምክር ቤት ሹመታቸውን ያጸደቀው ሐምሌ 29 ቀን 1775 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ክርስቲያኖች ብቻ አይደሉም፤ ኢማሞች፣ ረቢዎችና የቡድሃ መምህራንም አሉባቸው። የመኮንን ማዕረግ አላቸው፤ ጦር የማዘዝ ሥልጣን ግን የላቸውም። መሣሪያ አይታጠቁም፤ የሚጠብቃቸው የታጠቀ ረዳት ነው። በጄኔቫ ስምምነቶችም እንደ ሕክምና ባለሙያዎች ሁሉ የተለየ ከለላ አላቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ወታደር በራቸውን እንዲያንኳኳ የሚያደርገው ምሥጢር ጠባቂነታቸው ነው። ወደ ሠራዊቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሄደ ወታደር የተናገረው ነገር በተወሰኑ ሁኔታዎች ለአዛዡ ሊደርስ ይችላል፤ በፋይሉም ይመዘገባል። ለቻፕሊን በኑዛዜ የተነገረ ቃል ግን ለአዛዥም ለፍርድ ቤትም አይተላለፍም። ማዕረጉንና እንጀራውን ላለማጣት ለሚሠጋ ወጣት ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ሌላም አለ። ቻፕሊኑ ከጦሩ ጋር ይዘምታል፤ ጭቃውን አብሮ ይረግጣል፤ የሞተውን አብሮ ይቀብራል። ስለዚህ ወታደሩ ከየት እንደመጣና ምን እንዳየ ከመጀመሪያው ማስረዳት አይጠበቅበትም።

የቻፕሊኑ ሥራ ምን እንደሆነ ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው ጸሎት አድርሶ ማጽናናትን ነው። በዚህ መስክ ልምድ ያካበቱት የሚያስተምሩት የመጀመሪያው ነገር ግን ለማጽናናት አለመቸኮልን ነው። «ታዝዘህ ነው፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» የሚለው አነጋገር ከመልካም ልብ ይመጣል። ሰሚው ግን «ይህ ሰው የነገርሁትን አልሰማም» ብሎ አፉን ሊዘጋ ይችላል። ጥፋት የተሰማው ሰው ጥፋተኝነቱ ይመዘንለት እንጂ እንዲሁ ይጣልልኝ አይልም። የትኛው የእርሱ ነው? የትኛው የአዛዡ ነው? የትኛውስ ማንም ሊያስቀረው ያልቻለ ነው? ይህን መለየት ጊዜ ይወስዳል። ሊትዝና ባልደረቦቹ ባዘጋጁት የሕክምና ዘዴ ውስጥ ቁስለኛው የሚያከብረውን አንድ ደግ ሰው በሐሳቡ ፊቱ አስቀምጦ ያደረገውን እንዲነግረው፣ ያም ሰው ምን እንደሚመልስለት እንዲያስብ ይደረጋል። ዘዴው የሐኪም ነው፤ ቅርጹ ግን ኑዛዜን ለሚያውቅ ሕዝብ እንግዳ አይደለም።

ከሁሉም ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው በፊላደልፊያ ከተማ በሚገኘው የጦር ተመላሾች ሆስፒታል የተጀመረው ሥራ ነው። በዚያ ቻፕሊን ክሪስ አንታልና የሥነ ልቦና ባለሙያው ፒተር ዮማንስ ተመላሾችን በትንሽ ቡድን እየሰበሰቡ ለሳምንታት ያነጋግራሉ። በሂደቱ ውስጥ ከተማው ሕዝብ የሚጠራበት አንድ ሥነ ሥርዓት አለ። ተመላሾቹ የተሸከሙትን በሰው ፊት ይናገራሉ። ከዚያም የተሰበሰበው ሕዝብ ዙሪያቸውን ከቦ፣ ወደዚያ ስፍራ የላክናችሁ እኛ ነን፤ ከኃላፊነቱም እንካፈላለን የሚል መልእክት ያሰማል። ሕዝቡ በዚያ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም፤ አጨብጭቦም አይበተንም። ከሸክሙ ድርሻውን ይወስዳል። «ጀግና» ተብሎ መሸለምና ይህ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም በደረቱ ኒሻን ተንጠልጥሎለት ኅሊናው የሚከስሰው ሰው፣ ጭብጨባው ራሱ ሊያቆስለው ይችላል።

ነገሩ አዲስ ግኝት መስሎ ቢቀርብም ሥሩ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘኁልቍ 31ኛ ምዕራፍ ከጦርነት የተመለሱት ሰዎች ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ቆይተው እንዲነጹ ታዝዘዋል። ንጉሥ ዳዊት ቤተ መቅደስ እንዳይሠራ የተከለከለው ብዙ ደም በማፍሰሱ እንደሆነ በዜና መዋዕል ተጽፏል፤ ጦርነቶቹ ግን በአምላክ ስም የተደረጉ ነበሩ። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ በጦርነት የገደለ ወታደር እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቆጠርም ካለ በኋላ፣ እጁ ንጹሕ አይደለምና ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢከለከል መልካም ነው ሲል መክሯል።

ከሁሉም ዝርዝር የሆነው በእንግሊዝ ምድር የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች በሄስቲንግስ ድል ካደረጉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሳቸው ጳጳሳት ለራሳቸው ድል አድራጊ ወታደሮች ቀኖና ደነገጉ። መግደሉን የሚያውቅ ስለ እያንዳንዱ ሰው አንድ ዓመት፤ አቁስሎ ይሙት ይዳን የማያውቅ ስለ እያንዳንዱ 40 ቀን፤ የገደለውን ቁጥር የማያውቅ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በሳምንት አንድ ቀን ንስሐ እንዲገባ ተወሰነበት። ፍላጻው የት እንዳረፈ ለማያውቀው ቀስተኛ እንኳ ሦስት የዐርባ ቀን ጾም ተመደበለት። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለስበታለሁና አንባቢ ያቆይልኝ።

የሠራዊት ካህን ግን እንከን የለሽ መፍትሔ ተደርጎ እንዳይታይ የሚያደርግ ታሪክም አለ። መጋቢት 16 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ወታደሮች በቬትናም ማይ ላይ መንደር ያልታጠቁ ሰዎችን ሲፈጁ፣ የሄሊኮፕተር አብራሪው ሂዩ ቶምፕሰን ጣልቃ ገብቶ ጥቂት ሰዎችን አተረፈ። ለአለቆቹ ካመለከተ በኋላም ያየውን ለሚያውቀው የጦር ካህን ለካርል ክሬስዌል ነገረው። ካህኑ በቤተ ክርስቲያን መስመር ወደ በላዩ ቄስ፣ ወደ ክፍለ ጦሩ ቻፕሊን አደረሰው። ነገሩም እዚያው ቀረ። ዓለም ጉዳዩን የሰማው ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆይቶ ሲሆን፣ ያጣራው ኮሚሽንም ካህናቱ በቂ እርምጃ አለመውሰዳቸውን ነቅፏል። ዩኒፎርም የለበሰ ካህን ሁለት ጌታ እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። ከላይ የጠቀስሁት ክሪስ አንታልም ቢሆን በአፍጋኒስታን ካገለገለ በኋላ፣ የድሮን ጥቃትን ጨምሮ የመንግሥቱን የጦር ፖሊሲ በመቃወም እ.ኤ.አ. በ2016 ከተጠባባቂ ጦሩ መኮንንነቱ ለቋል።

ካህን ሐኪምን አይተካም። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ በመጠጥ የተያዘ ሰው ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ጸበልና ክኒንም ሊጣሉ አይገባም።

ወደ ሀገራችን እንምጣ። በዓድዋ ዘመቻ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ወጥቷል፤ አቡነ ማቴዎስም አብረው ዘምተዋል። በደርግ ዘመን ወታደሩን «በሐሳብ የማነጽ» ሥራ የፖለቲካ ኮሚሳሩ ሆነ፤ ለኮሚሳር ደግሞ ኃጢአቱን የሚናዘዝ የለም። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል። ስለዚህ የአሜሪካን ቻፕሊን ቀድቶ ማምጣት ቀላል አይሆንም፤ አስፈላጊ መሆኑንም እጠራጠራለሁ።

ደርግ ሲወድቅ፣ በ1983 ዓ.ም.፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ተበተነ። እነርሱን ለማቋቋም የተሰየመው ኮሚሽን ወደ ገጠር ለተመለሱት በሬ፣ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ አቀረበ። ሥራው ከነጉድለቱ በአፍሪካ ከታዩት ትልልቅ የማቋቋም ሥራዎች አንዱ ነበር። አሁን ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመውን የፕሪቶሪያ ስምምነት ተከትሎ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በተለያዩ ክልሎች ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን መልሶ ለማቋቋም አቅዷል። ተዋጊዎቹ በማዕከላት የቀናት ሥልጠና ወስደው፣ የመሸጋገሪያ ገንዘብ ይዘው ወደየቀያቸው ይመለሳሉ። በክልላችን ያለው ግጭትም የራሱን ተመላሾች እየጨመረ ነው።

በግብርና ኮሌጅ የተማርነው የማቋቋም ዕቅድ የሚቆጠረውን ይቆጥራል፤ የመሬቱን ስፋት፣ የበሬውን ጥንድ፣ የዘሩን ኪሎ። ይህን አላቃልልም። ባዶ ጎተራ ኅሊናን አያሳርፍም፤ ሥራም በራሱ ያክማል። ነገር ግን እርሻ የሰው ሥራ ነው። በሬው አንድ ብቻ የሆነው ገበሬ ከሌላው ጋር ካልተቀናጀ አያርስም፤ አጨዳው ያለ ወንፈል፣ ውቂያው ያለ ደቦ አይነሣም። ከሰው የሚሸሽ ሰው ታዲያ ዘሩን ቢሰጡትም ከእነዚህ ሁሉ ይጎድላል። መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ወደ ከተማ የሚሰደድ ተመላሽ ሲታይ «ሥራ ጠልቶ ነው» ከማለት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል።

በገጠር ሐኪም ሩቅ ነው፤ የአእምሮ ሐኪም ደግሞ ይበልጥ ሩቅ ነው። የንስሐ አባት ግን በየቤቱ ይገባል። የኦርቶዶክስ ምእመን ሁሉ አንድ የነፍስ አባት እንዲኖረው ሥርዓቱ ያዝዛል። እርሳቸውም ቻፕሊኑ ያለውን ዋናውን ነገር ይዘዋል፤ የነገሯቸውን አያወጡም። ቻፕሊኑ ዝውውር ሲመጣ ይሄዳል፤ እርሳቸው ልጁን ክርስትና ያነሡ፣ እናቱን የሚያናዝዙ፣ ነገም የሚቀብሩት ናቸው። ከዚህም በላይ ቀኖና አለ። ጾሙ፣ ስግደቱ፣ ምጽዋቱ ራሱን ለሚቀጣ ሰው ቅጣቱን ከእጁ ወስዶ ልክና መጨረሻ ያበጅለታል። ሲፈጽም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይባላል፤ ወደ ቁርባንም ይመለሳል። ለሙስሊሙ ወገናችንም ተውበት አለ፤ ሼሁ አሉ። በወሎ አበጋሮች የሁለቱን እምነት ተከታዮች አስቀምጠው ደም ሲያደርቁ ኖረዋል።

ይሁን እንጂ አንድ ክፍተት አለ። ደም የማድረቅ ሥርዓታችን ገዳይና ሟች የሚታወቁበት ነው። ወገን ከወገን ይቀርባል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ይማማላል። የጦር ሜዳ ተኳሽ ግን የገደለው ማን እንደሆነ አያውቅም። የሟች እናት በየት ወረዳ እንዳለች፣ ለማንስ «ማሪኝ» እንደሚል አያውቅም። የኖርማን ጳጳሳት ቁጥሩን ለማያውቀውና ለቀስተኛው የተለየ ቀኖና የጻፉት ይህንኑ ችግር አይተው ይመስለኛል። የእኛ ሊቃውንትም በዚህ ላይ ቢመክሩ፣ ለሟች ወገን የማይደርሰው ካሣ ለማን እንደሚደርስ፣ ለወላጅ አልባ ልጅ እርሻ ይሁን ለፈረሰ ትምህርት ቤት ድንጋይ፣ ቢወስኑ፣ ለተመላሹ የሚጨበጥ ነገር ይሆንለታል።

ሌላው ችግር ይከብዳል። ጦርነቱን በመስቀል ባርኮ የሸኘ ካህን ከጦርነቱ የተመለሰውን እንዴት ያናዝዛል? ቅዱስ ሲኖዶስ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ለትግራይ ሕዝብ ይቅርታ መጠየቁ ይታወሳል፤ የክልሉ አባቶች ግን በእጃቸው አልተቀበሉትም። ሼይ «ክህደት» ያለው ነገር ከአዛዥ ብቻ እንደማይመጣ ይህ ያሳያል። በጉዳዩ ላይ ዝም ያለ ወይም ወገን የለየ አባት አስቀድሞ የራሱን ድርሻ ካልተናገረ፣ ወጣቱ ፊቱ ተንበርክኮ እውነቱን ይነግረዋል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። እንዲሁም የነፍስ አባት የመረጃ ምንጭ ተደርጎ ከታየ፣ የቀበሌው ሹም ይሁን የታጠቀው ወገን «ምን ነገረህ?» ብሎ ከጠየቀው፣ ያ በር ለሁሉም ይዘጋል።

የበዳዩ መዳን የተበዳዩን ቦታ እንዳይወስድም መጠንቀቅ ያሻል። የተደፈረችው ሴት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ፣ የልጁን አስከሬን ያላገኘው አባት ከተመላሹ ጋር በአንድ ገበያ ይውላሉ። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ተጠያቂነትን፣ እውነትን፣ እርቅንና ካሣን አብሮ ይዟል። ኑዛዜ ከፍርድ ማምለጫ እንዳልሆነ ለተናዛዡ ግልጽ ሊሆን ይገባል። የነፍስ አባት ምሥጢሩን ይጠብቃል፤ ተናዛዡ ግን በገዛ ፈቃዱ ቀርቦ እውነቱን እንዲናገር፣ ሬሳ የተቀበረበትን ስፍራ እንዲጠቁም ሊመክሩት ይችላሉ። ይህ ምክር ልጁን ለሚፈልገው አባት ከምንም ካሣ ሊበልጥበት ይችላል።

ለዚህ ሁሉ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። በተሐድሶ ማዕከላት ከሚሰጠው ሥልጠና ግማሽ ቀን ቢታሰብ፣ ተመላሹ በገዛ ፈቃዱ ከካህን፣ ከሼህ ወይም ከፓስተር ጋር ለብቻው የሚነጋገርበት ክፍል ቢመደብ፣ የወረዳ ቤተ ክህነትና የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ለአባቶች አጭር ሥልጠና ቢሰጡ ይቻላል። ሥልጠናው ለማጽናናት አለመቸኮልን፣ ራሱን ሊያጠፋ የደረሰን ሰው ለይቶ ወደ ጤና ጣቢያ መላክን ቢያስተምር ይበቃል። ወቅቱም ይታሰብ። ተመላሹ በግንቦት ቢመጣ ሁሉም በዘር ዝግጅት ተጠምዶ ማንም አይሰማውም፤ ክረምቱን ብቻውን ይከርማል። አዝመራው ተሰብስቦ፣ ሰው ማኅበርና ሰንበቴ በሚቀመጥበት በጥርና በየካቲት ቢመለስ ግን የሚሰማ ጆሮ ያገኛል። ይህን የጊዜ ሰሌዳ ለማስተካከል የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጋር አንድ ቀን ቢቀመጡ በቂ ነው።